የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ትምህርትና ሁለቱ 28 ቀናት



የዛሬው ንግግሬ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ግንባታን እንዲመራ የምናሠለጥነው ሰው ምን ተምሮ መውጣት አለበት? የአፈር ሜካኒክስ፣ የግንባታ ዕቃዎች፣ ልኬትና የዋጋ ትመና፣ የሥራ መርሐ ግብር አዘገጃጀት እናስተምራለን፤ ማስተማራችንም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚታመሙት በስሌት ስሕተት አይደለም።

በምሳሌ ላስረዳ። ሁላችሁም የምታውቁት 28 ቀን አለ። አርማታ ሲሞላ ናሙና ይወሰዳል፤ በ7ኛው ቀን አመላካች ውጤት ይገኛል፤ ጥንካሬው የሚመዘነው ግን በ28ኛው ቀን ነው። ሌላም 28 ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 መሠረት፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ይገባኛል የሚል ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ዕለት ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ ለመሐንዲሱ በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርበታል። ካላስታወቀ የጠየቀውን የማግኘት መብቱን ያጣል። የመጀመሪያውን 28 ቀን የማያውቅ ምሩቅ የለንም፤ ሁለተኛውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ልዩነቱን አስተውሉ። የአርማታ ናሙና ቢወድቅ ጉድለቱ ይታያል፤ ይፈተሻል፣ ካስፈለገም ይፈርሳል። ያልተጻፈ ደብዳቤ ግን ድምፅ የለውም። የሳይት ርክክብ ሁለት ወር ዘገየ እንበል። ተቋራጩ ማሽንና ሠራተኛ ይዞ ይጠብቃል፤ የሳይቱ መሐንዲስ በስልክ ተነጋግሮ በቃል ይስማማል። ሥራው ሲጓተትና የመዘግየት መቀጫ ሲሰላ ግን የሚቀርብ ወረቀት የለም። ከዚያ በኋላ የገንዘብ እጥረቱ መጀመሪያ የሚደርሰው የቀን ሠራተኛው ኪስ ላይ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል የውል አስተዳደር የመጀመሪያ ትምህርት መሆን ይችላል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ያነሰ አይጠይቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራው ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ኃላፊነቱ የተቋራጩ ነው፤ ነገር ግን ከ8 ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ የሚገለጠው መዝገብ ዛሬ ሳይት ላይ የቆመው ወጣት ባለሙያ የጻፈው ነው። ፌሮው ሳይቈጠር «ተፈትሿል» ብሎ የፈረመ እጅ አሥር ዓመት የሚከተለው ፊርማ ትቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ሐሳቦች አሉኝ። አንደኛ፣ የውል ትምህርት በእውነተኛ የፕሮጀክት ፋይል ይሰጥ። ስሞቹ ተሰርዘው ውሉ፣ ደብዳቤዎቹና የክፍያ ሰርተፊኬቶቹ ለተማሪው ይቅረቡለት፤ አንዱ የካሳ ጥያቄ ያዘጋጅ፣ ሌላው በአሠሪው ወገን ይመልስ፣ ሦስተኛው ይወስን። ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምድ በመጨረሻ ሪፖርት ብቻ አይመዘን። ተማሪው የአየሩን ሁኔታ፣ የሠራተኛውን ቍጥር፣ የቆመውን ማሽን፣ የተሰጠውን ትእዛዝ በየዕለቱ ይመዝግብ፤ መምህሩም በየሳምንቱ ይመልከተው። ሦስተኛ፣ ፎርማኑ፣ ግንበኛውና ፌራዮው በመማሪያ ክፍላችን ቦታ ይኑራቸው። ካሳ ከመፈታቱ በፊት አርማታውን አይቶ የሚናገር ሰው ዲግሪ ባይኖረውም የሚያስተምረን አለው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው የተማሪ ብዛት ይህን አይፈቅድም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ጭነቱ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ፋይል ለአምስት ተማሪዎች ይበቃል፤ ዕለታዊ መዝገብም ከደብተርና ከእስክርቢቶ በላይ ወጪ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ዕውቀትን ይለካል፤ ከአማራጮች መካከል የሚመረጥ መልስ ግን አንድ ሰው በጭቅጭቅ መካከል ተቀምጦ ትክክለኛውን ደብዳቤ በጊዜው መጻፍ መቻሉን አያሳይም። ያንን መመዘን የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ሳይት ስትገቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ ውሉን ጠይቃችሁ አንብቡ።