በየቤታችን ፊት ለፊት ያለው ቅጥር
(በጋምቤላ ከተማ ለአገልግሎቱ ደጋፊዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተነገረ)

ይህን የጋምቤላን ሙቀት ችላችሁ ከየአገሩ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ስለ ውሃ ሥራችን ዘገባ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ዘገባውን አቀርባለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከቤተሰቤ ጋር ስላሳለፍሁት አንድ ቅዳሜ ልንገራችሁ። ልናገረው የሚከብደኝ ነገር የተጀመረው በዚያ ቅዳሜ ነውና።

በዚያ ሳምንት አንድ እንግዳ ነበረን። ከብሪታንያ፣ ከዌልስ ምድር የመጡ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከጡረታ አበላቸው እየቀነሱ ለአያሌ ዓመታት ሥራችንን የረዱ ሰው ናቸው። በመጡበት ቀን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ከገጾቹ መካከል አንድ ሥዕል አሳዩኝ። ከዚሁ ከዜና መጽሔታችን የተቆረጠ ፎቶግራፍ ነበር፤ አንዲት እናት ከአዲስ የእጅ ፓምፕ ውሃ ስትቀዳ ያሳያል። ፎቶግራፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እንግዳው «በየማለዳው ስለዚህች እናት እጸልያለሁ» አሉኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ሌላ ወሬ ጀመርሁ። አምስት ቀን ሙሉ መንደሮችን ስናዞራቸው ወደዚያች መንደር አልወሰድኋቸውም።

ቅዳሜ በሆነ ጊዜ ባለቤቴ፣ «እንግዳችን የድሮውን ወደብ ሳያዩ እንዴት ይሄዳሉ? ልጆቹንም ይዘናቸው እንውረድ» አለችኝ። የተቀቀለ በቆሎ፣ ቆሎና አንድ ጀሪካን ውሃ ያዝን። ሦስቱ ልጆቻችን እየተሽቀዳደሙ፣ እኛም በማንጎዎቹ ጥላ ሥር ቀስ እያልን ወደ ባሮ ዳር ወረድን።

የዚህን ወደብ ታሪክ የማያውቅ ቢኖር በአጭሩ ላስታውስ፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን አስተዳደር እንዲሰጥ ተፈቀደ። ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም በኋላ የተመረጠው ስፍራ ጋምቤላ ሆነ። የክረምቱ ዝናም ወንዙን ሲሞላው፣ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እዚህ ድረስ ይወጡ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ግን መንገዱ እስከሚቀጥለው ክረምት ይዘጋል። ከጎሬና ከሰዮ የሚመጣው ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ወርዶ ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ ደግሞ ይራገፋል። በ1956 ሱዳን ነጻ በወጣችበት ዓመት ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በ1983 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ የወንዙ ጉዞ እየተዳከመ ሄደ። እኛ ወንጌላውያን ደግሞ አንድ ነገር አንረሳም፤ በ1919 የኅዳር በሽታ ወረርሽኝ ጊዜ ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ሰዮ የሄዱት በዚሁ በጋምቤላ በኩል ነው። በምዕራብ ወለጋ ብዙ ፍሬ ያፈራው ሥራ ከዚያ ጉዞ ጀመረ።

ወደ ስፍራው ስንደርስ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ አንድ ሽማግሌ ከትልቅ ዛፍ ሥር መሬቱን ሲጠርጉ አገኘናቸው። አኙዋክ ናቸው፤ ወንዙን ባሮ አይሉትም፣ በአባቶቻቸው ስም ኦፔኖ ይሉታል። አባታቸው የመርከብ ጭነት ተሸካሚ ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ለተሸካሚዎቹ የሚጠጣ ውሃ ያመላልሱ ነበር። በየቅዳሜው ወደዚህ ይመጣሉ። ስፍራውን ይጠርጋሉ፤ የሚመጣ ልጅ ካለ ያስቀምጡና መርከቡ የት እንደ ቆመ፣ ቡናው የት እንደ ተከመረ፣ ተሸካሚዎቹ ስንት ቀን ተጉዘው እንደ ደረሱ ይነግሩታል። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም አይከፍላቸውም።

ልጆቻችን ከፊታቸው ተቀመጡ። ሁለተኛዋ ልጄ ዝገት የበላውን ብረት እያየች፣ «አባባ፣ መርከቡን ማን ሰበረው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ማንም አልሰበረውም ልጄ» አሉ። «ጦርነት መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ይህ በእኛ እጅ አልነበረም። ነገር ግን ብረቱን ዘይት የሚቀባው ሰው ከሄደ ዝገት ማንንም አያስፈቅድም።»

ይህን ለእንግዳችን ስተረጉምላቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። «እኔም እኮ በአገሬ እንደ እኚህ አባት ነኝ» አሉ። ከዚያም ስለ አንድ አሮጌ የምድር ባቡር ነገሩን። ታሊሊን ይባላል። በ1860ዎቹ የተሠራው፣ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ስስ የድንጋይ ሰሌዳ ከተራራ ወደ ባሕር ዳር ለማውረድ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ርዝመቱም ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ1950 ባለቤቱ ሲሞቱ ባቡሩ ይቆማል፣ ብረቱም ይሸጣል ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ በ1951ም ባቡሩን በነጻ ጉልበታቸው ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች የዳነ የመጀመሪያው የምድር ባቡር ይኸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች አንዱ ለልጆች የባቡር ተረቶችን የጻፉት ቄስ ኦድሪ ነበሩ። ዛሬ ያንን ፈለግ የተከተሉ ብዙ ባቡሮች በዚያ አገር አሉ።

«በየቅዳሜው እሄዳለሁ» አሉ እንግዳችን። «ሥራዬ በሐዲዱ መካከል የበቀለውን አረም መንቀልና የሚንቀሳቀሰውን ብረት ዘይት መቀባት ነው። ባለቤቴ ለተሳፋሪዎች ሻይ ትቀዳለች፤ የልጅ ልጄ የበሩን የነሐስ እጀታ ይወለውላል። አባት፣ እናትና ልጆች ተሳፍረው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ተደስተው ይመለሳሉ። ዘይት የሚቀባውን ሰው ማንም አያየውም። ባያዩትም ቅዳሜ አንድ ሳይቀባ ቢቀር፣ ባቡሩ መቆሙ አይቀርም።» ደግሞም ሁሉ ነገር በነጻ አይሠራም አሉ፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ መለዋወጫና የድንጋይ ከሰል ገንዘብ ይጠይቃል።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ሳቁና፣ «እኚህ ፈረንጅ የእኔ ወንድም ናቸው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። በቆሎውንም አብረን በላን።

በዚህ መካከል የመጀመሪያ ልጄ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ወደ እኔ ዘወር አለና፣ «አባዬ፣ ያንን ፎቶ ያነሣኸውን ፓምፕ ማነው ዘይት የሚቀባው?» አለኝ። በምረቃው ቀን አብሮኝ ሄዶ ነበርና ያስታውሰዋል። እንግዳችን ልጁ ምን እንዳለ ጠየቁኝ።

ወገኖቼ፣ የምተረጉመው እኔ ብቻ ነበርሁ። «ስለ ወንዙ ጠየቀ» ብል ማንም አያውቅብኝም። ባለቤቴ ዐይኗን በእኔ ላይ አደረገች። እሷ ታውቅ ነበር። ጥቂት ዝም አልሁና የልጄን ቃል እንዳለ ተረጎምሁት። ቀጥሎም መልሱን ተናገርሁ፤ ማንም አይቀባውም፤ ፓምፑ ውሃ መስጠት ካቆመ አራት ወር ሆኖታል።

ዛሬም በእናንተ ፊት ይህን ልናዘዝ ቆሜአለሁ። በምረቃው ቀን ጥብጣብ ቈርጠናል፤ ዘምረናል፤ ፎቶግራፍ አንሥተናል። የውሃ ኮሚቴ እንዲኖር ደንባችን ስለሚያዝ የሰባት ሰዎችን ስም በአንድ ሰዓት ውስጥ መዘገብሁ። ሰባቱም ወንዶች ነበሩ፤ ውሃ የሚቀዱት ግን ሴቶች ናቸው። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ፓምፕ በ1980ዎቹ የታሰበው ከከተማ መካኒክ ሳይጠራ፣ የመንደር ሰው ራሱ በአንድ መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ተብሎ ነው። እኔ ግን መፍቻውን በከተማ መጋዘናችን ቆለፍሁበት፤ ማንንም አላስተማርሁም። ሲበላሽ ከመንደሩ መልእክት ደረሰኝ። በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ «አዲስ ፓምፕ» የሚል መደብ ነበር፤ «ጥገና» የሚል አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱን ከሌሎች ወረቀቶች በታች አኖርሁት። በእነዚያ አራት ወራት እናቶች ወደ ወንዝ ተመልሰው፣ ልጆቻቸውን የሚያሳምመውን ውሃ ሲቀዱ ኖሩ። በመጽሔታችን ላይ ግን ያቺ እናት አሁንም ንጹሕ ውሃ ትቀዳ ነበር።

እንግዳችን አልተቈጡም። ለረጅም ጊዜ ወንዙን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ሰኞ አብረን እንሂድ» አሉ።

ሰኞ ከአንድ መካኒክ ጋር ሄድን። ፓምፑ ሲፈታ ጥፋቱ ተገኘ፤ ውሃውን የሚስበው የፒስቶኑ ጎማ አልቆ ነበር። ጎማው የሕፃን አምባር ያህል ነው፤ ዋጋውም የዚያን ቀን ምሳችንን አያህልም። እኩለ ቀን ሳይሆን ውሃው ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዲት አሮጊት እናት ግን እልል አላሉም። ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ «ስትመርቁት ብዙ ነበራችሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ንግግራቸው ጠፍቶብኛል፤ ይህ ግን አልጠፋኝም።

በዚያ ምሽት መጽሐፈ ነህምያን ምዕራፍ 3ን አነበብሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብዬ በፍጥነት አልፈው ነበር። አሁን ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሱት ግንበኞች ብቻ አልነበሩም። ካህናት ነበሩ፤ ወርቅ አንጥረኞች ነበሩ፤ ሽቱ ቀማሚ ነበረ፤ ነጋዴዎችም ነበሩ። አንድ ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሆኖ እንደ ሠራ በቁጥር 12 ተጽፎአል። ብዙዎቹም የሠሩት በየራሳቸው ቤት ፊት ለፊት ያለውን ነው። ለሥራው ትከሻቸውን ያልሰጡ የቴቁሐ ታላላቆችም በቁጥር 5 ተመዝግበዋል። የመፍቻውን መጋዘን ቁልፍ በኪሴ ይዤ ሳነብ፣ ስሜ ከየትኞቹ ጋር እንደሚጻፍ ራሴን ጠየቅሁ።

እንግዲህ ዘገባዬ ይህ ነው፤ ከእርሱም ጋር ሦስት ልመና አለኝ።

የመጀመሪያው ለእናንተ ለደጋፊዎች ነው። አዲስ ነገር ለመሥራት መስጠት ደስ ያሰኛል፤ ስለ ጎማና ስለ መፍቻ መስጠት ግን ፎቶግራፍ የለውም። ቢሆንም ለአንድ ፓምፕ ስትሰጡ ለሚቀጥሉት ዓመታት መለዋወጫውም አብሮ እንዲታሰብ እለምናችኋለሁ። የፓምፖቹ ቍጥር ቢያንስ ይነስ፤ የተተከሉት ግን ይሥሩ።

ሁለተኛው በዚህ ክልል ላለን አብያተ ክርስቲያናት ነው። ደጋፊ ማለት ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ ብቻ አይደለም። በዚያች መንደር አሁን መፍቻው በመንደሩ ይገኛል። ሁለት እናቶችና አንድ ወጣት ፓምፑን መፍታትና መግጠም ተምረዋል፤ ጎማውን በገዛ እጃቸው ሲለውጡ አይቼአለሁ። የሚያስፈልገው ታላቅ እውቀት አይደለም፤ ሳይታክት በየጊዜው የሚመጣ ሰው ነው። ከየጉባኤው ለዚህ የሚሰጡ ወንዶችና ሴቶች ይነሡልን።

ሦስተኛው ለዜና መጽሔታችንና ለእኔ ነው። ከእንግዲህ የተመረቀውን ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ውሃ የሚሰጠውን ፓምፕ እናሳያችሁ፤ የቆመ ካለም መቆሙን እንጻፍ። የምትጸልዩት በእውነተኛ ነገር ላይ እንዲሆን ይገባችኋልና።

እንግዳችን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያንን ፎቶግራፍ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አላወጡትም። ከጀርባው ላይ ግን የተጠገነበትን ቀን በእርሳስ ጽፈውበታል።

ልጆቻችንም ቅዳሜ ሲመጣ ወደ ወንዙ እንውረድ ይሉናል። ባለፈው ጊዜ ስንደርስ ሽማግሌው ደክሟቸው ተቀምጠው ነበር። ልጄ ማንም ሳያዝዛት መጥረጊያውን አነሣችና መጥረግ ጀመረች። እሳቸውም፣ «ከዛፉ ሥር ጀምሪ ልጄ፤ ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው» አሏት።

የሁላችንን እጅ የሚያበረታ እግዚአብሔር፣ በየቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር እንድንጠብቅ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።