የእንግሊዝኛ ድርሰት በበርበሬ ገበያ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ወሬያችን በተለይ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በየገጠር ቀበሌውም ለምትማሩ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግን ባለ ምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ድርሰት አያስጽፍም። የማይፈተነውን ማን ይለማመዳል? ድንጋጤው የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ሪፖርት ጻፍ» ሲባል ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ እንቅፋት ሰዋስው አይደለም፤ ርዕሱ ነው። ተማሪ አይቶት ስለማያውቀው ነገር ጻፍ ከተባለ የሚለውን ያጣል። የቡሬን በርበሬ ገበያ ጻፉ! ማን ይመዝናል? ዋጋው በምን ይቆረጣል? ማንስ እያስነጠሰ ይከራከራል? ለዚህ ሐሳብ አያጥራችሁም፤ የጎደለውን ቃል መዝገበ ቃላት ይሞላል።

ሌላው የግስ ነገር ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ አጠገብ። ረጅሙን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለመተርጎም የሞከረ ሰው መሃል ላይ መንገዱ ይጠፋዋል። ስለዚህ አሳጥሩ፦ መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምንን። ጽሑፉ ይደር፤ በማግስቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፈውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል።

መምህራን፣ የክፍሉን የተማሪ ብዛት እናውቃለን። ደብተሩን ሁሉ በቀይ ከማቅለም፣ በዚህ ሳምንት የኃላፊ ጊዜ ግስን ብቻ አርሙ።

ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ስለ ሰፈራችሁ ገበያ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉና ነገ ለጓደኛችሁ አንብቡለት።