ጋርሲያ የማን ልጅ ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ አለዎት፣ የፈለጉትን ይናገሩ» ሲሉኝ ርእስ ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ስመዘግብ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ እዚሁ ግቢ በቤተ መጻሕፍታችን ካታሎግ ክፍል፣ ኋላም አሜሪካ በአንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ስም ነው። በቀጥታ ስለ እኛ ስም ብጀምር ግን «ይሄንንማ እናውቀዋለን» ብላችሁ ወደ ቡናው እንደምትሄዱብኝ አውቃለሁ። እስቲ መጀመሪያ የሰው ስም ልዋስ። የምዋሰው ስም ጋርሲያ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትደናገሩ።

ከጋርሲያ ጋር የተዋወቅነው በካርድ ካታሎግ ዘመን ነው። አንድ ተማሪ የኮሎምቢያዊውን ደራሲ የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝን መጽሐፍ ፈልጎ «ኤም» የሚለውን መሳቢያ ከፊት እስከ ኋላ አገላበጠና አጣው። «ጂ ላይ ፈልግ» አልኩት። «የመጨረሻ ስሙ ማርኬዝ አይደል እንዴ?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስፔንኛ ተናጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛሉ፤ የአባት ወገን ይቀድማል፣ የእናት ወገን ይከተላል። ጋርሲያ የደራሲው አባት ቤተሰብ ስም ነው፣ ማርኬዝ የእናቱ። መዝገቡ የሚከተለው የአባቱን ነው። ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና «ታዲያ እኔ መጽሐፍ ብጽፍ የት ሊያስቀምጡኝ ነው?» አለ። «በራስህ ስም ነዋ!» አልኩት። በእኛ ካታሎግ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ካርድ የሚገባው በገዛ ስሙ ነው፤ አባቱ ከኋላው ይከተለዋል። ልጁ ደስ ብሎት ሄደ። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

እንግዲህ ጋርሲያ ከየት መጣ? ዛሬ የቤተሰብ ስም ነው። ሲጀመር ግን እንደ ከበደና እንደ አበበ፣ ልጅ ሲወለድ የሚወጣ የመጠሪያ ስም ነበር። ከጥንት የሚገኘው በሰሜን ስፔን፣ ባስኮች በሚኖሩበት በፒሬኔ ተራሮች አካባቢ ነው። በትርጉሙ የቋንቋ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ በባስክ ቋንቋ «ድብ» ከሚለው ቃል ጋር፣ ሌሎቹ «ወጣት» ከሚለው ጋር ያያይዙታል።

በዚያ አገር መጀመሪያ ፓምፕሎና፣ ኋላም ናቫራ የተባለ መንግሥት ነበር። የነገሥታቱን ስም በተራ ልጥራላችሁ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ከ905 እስከ 925 የነገሠው ሳንቾ ጋርሴስ ነው። ልጁ ጋርሲያ ሳንቼዝ ይባላል፣ በ970 ሞተ። የእሱ ልጅ እንደገና ሳንቾ ጋርሴስ ነው፣ እስከ 994 ነገሠ። የእሱስ ልጅ? ጋርሲያ ሳንቼዝ! ጋርሴስ ማለት «የጋርሲያ ልጅ» ነው፣ ሳንቼዝ ማለት ደግሞ «የሳንቾ ልጅ»። ሳንቾ የጋርሲያ፣ ጋርሲያ የሳንቾ፣ ሳንቾ የጋርሲያ። ይሄ እኮ የእኛው ነው! አበበ ከበደ ወንድ ልጅ ሲወልድ በአባቱ ስም ከበደ ብሎት፣ ልጁ ከበደ አበበ ሆኖ እንደሚያድገው ማለት ነው።

ስፔኖች ያኔ የሚያደርጉት እኛ ዛሬ የምናደርገውን ነበር። ስም ቀጥሎም የአባት ስም፤ በየትውልዱም ይቀየራል። ሮድሪጌዝ የሮድሪጎ ልጅ፣ ፈርናንዴዝ የፈርናንዶ ልጅ፣ ፔሬዝ የፔድሮ ልጅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ልጅ» የሚለውን ቅጥያ ትቶ የአባቱን ስም ብቻውን ያስከትል ነበር፤ ልክ እንደ እኛ። ጋርሲያ የሚለው የቤተሰብ ስም የወጣው ከዚህ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ጋርሲያ የሚባል አባት ነበረ። እንዲያውም አንድ አልነበረም፤ ስሙ የተወደደ ስለነበር በየመንደሩ ብዙ ጋርሲያዎች ነበሩ። የዛሬዎቹ ጋርሲያዎች ከአንድ ግንድ ያልበቀሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ስሙ መንቀሳቀሱን አቆመ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ዘመናት ፈጅቷል። ርስት በጽሑፍ ሲተላለፍ፣ ውል በጸሐፊ ሲጻፍ፣ ልጅ የአባቱን ስም እንዳለ መያዙ ጠቀመው። በ1563 የትሬንቶ ጉባኤ የካቶሊክ ቄሶች የምእመናኑን ጋብቻና ጥምቀት በመዝገብ እንዲይዙ ደነገገ። በ1870 ደግሞ የስፔን መንግሥት የራሱን የክብር መዝገብ በሕግ አቋቋመ፤ የአባትና የእናት ሁለት ስም የሚለው ልማድም ከመዝገቡ ጋር ጸና። ያን ጊዜ የአባቱ ስም ጋርሲያ የነበረው ሰው ልጁም ጋርሲያ፣ የልጅ ልጁም ጋርሲያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ስፔን ውስጥ የመጀመሪያ የቤተሰብ ስማቸው ጋርሲያ የሆነ ሰዎች ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከመቶው ሦስቱ ገደማ መሆናቸው ነው፤ በአገሪቱ አንደኛ ስም ነው።

ስሙ ባሕር የተሻገረው በመርከብ ነው። ከ1492 በኋላ ወደ አሜሪካ አህጉር የሄዱት ስፔናውያን ይዘውት ሄዱ። ነገር ግን ልጅ በመውለድ ብቻ አልተስፋፋም። ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸውን ወይም የጌታቸውን ስም የያዙ የአገሬው ሕዝቦችና በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ነበሩ። ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ጋርሲያ የሚባል ሰው ብታገኙ ቅድመ አያቱ ከስፔን መጥቶ ይሆናል፤ ስሙን ብቻ ከስፔናዊ ተቀብሎም ይሆናል። ስሙ ይህን ለይቶ አይነግራችሁም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የፊሊፒንስ ታሪክ ነው። ፊሊፒንስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በስፔን ተገዝታለች። ሕዝቡ ክርስትና ሲነሣ ብዙው «ዴ ላ ክሩዝ» ማለትም «የመስቀሉ»፣ ወይም «ዴ ሎስ ሳንቶስ» ማለትም «የቅዱሳን» የሚል ስም ያዘ። በአንድ ከተማ ሁሉም «የመስቀሉ» ሲሆን ግብር ሰብሳቢ ማንን ከማን ይለያል? የአንድ ቤት ወንድማማቾች የተለያየ ስም ሲይዙስ? በኅዳር 1849 አገረ ገዢው ናርሲሶ ክላቬሪያ አንድ ትእዛዝ አወጣ። ስድሳ ሺህ ያህል ስሞች በፊደል ተራ የተደረደሩበት ካታሎግ ታትሞ በየክፍለ ሀገሩ ተላከ። የስፔን የቤተሰብ ስሞች አሉበት፤ የዛፍ፣ የእንስሳት፣ የቦታ ስም ሁሉ አለበት፤ የአገሬው ቋንቋ ቃላትም አሉበት። ከአራት ትውልድ ጀምሮ የያዘው ስም ያለው ቤተሰብ እንዲያቆየው ተፈቀደለት። ሌላው ለከተማው ከደረሰው ገጽ ላይ መረጠ ወይም ተመረጠለት። በአልባይ ክፍለ ሀገር ኦአስ በምትባል ከተማ እስከ ዛሬ የብዙ ሰው የቤተሰብ ስም በ«አር» ፊደል ይጀምራል። ለምን ቢባል፣ ለከተማዋ የደረሳት ገጽ የ«አር» ነበር።

እኔም ካታሎግ ሠሪ ነኝና ይሄን ታሪክ ሳነብ እጄን አየሁት። እኛ መጽሐፍን በፊደል እንደረድራለን፤ ክላቬሪያ ሰውን በፊደል ደረደረ።

ዛሬ ጋርሲያ በፊሊፒንስ በብዛት ከሚገኙት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። ከ1957 እስከ 1961 አገሪቱን የመሩት ፕሬዚዳንት ካርሎስ ጋርሲያ ይባሉ ነበር። ዱባይ ወይም ሪያድ የሠራችሁ ከፊሊፒናውያን ጋር ስትውሉ ጋርሲያ፣ ሬይስ፣ ሳንቶስ የሚባሉ አጋጥመዋችሁ ይሆናል። «እነዚህ የስፔን ዘር አላቸው እንዴ?» ብላችሁ ከሆነ መልሱ ለአብዛኞቹ «የስፔን ወረቀት አላቸው» ነው።

ወደ አሜሪካ እንምጣ። ካሊፎርኒያና ኒው ሜክሲኮ በ1848 ከሜክሲኮ ተወስደው ወደ አሜሪካ ሲገቡ፣ ቤታቸውን ሳይለቁ አሜሪካ የሆኑ ጋርሲያዎች ነበሩ። የቀሩት ከሜክሲኮ፣ ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከፊሊፒንስና ከሌላም አገር መጡ። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ጋርሲያ በ1990 አሥራ ስምንተኛ ነበር። በ2000 ስምንተኛ ሆነ። በ2010 ከ1.16 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይዘውት ስድስተኛ ወጣ፤ ከፊቱ የቀሩት ስሚዝ፣ ጆንሰን፣ ዊሊያምስ፣ ብራውንና ጆንስ ብቻ ነበሩ። ከፒሬኔ ተራራ ሥር የተነሣ የአንድ አባት ስም እዚህ ደረሰ።

ግን ስም ሲበዛ ሰውን መለየት ያቅተዋል። ባለቅኔው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በዓለም የሚታወቀው ሎርካ ተብሎ ነው፤ ሎርካ የእናቱ ወገን ስም ነው። ጋርሲያ ብዙ ስለሆነ፣ ብርቅ የሆነው የእናት ስም ወጣ። ስፔኖችም ቢሆኑ ሕጉን እንደ ድንጋይ አላዩትም። በ1999 ወላጆች የእናትን ስም ማስቀደም እንዲችሉ ሕግ አወጡ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የአባት ስም በራሱ መቅደሙ ቀረ፤ ወላጆች ተስማምተው ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ቤታችን። ይሄን ሁሉ የተናገርኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው።

የባቻችን ልጅ ነበር። ዶርም፣ ካፌ፣ ላይብረሪ የማያውቀው አልነበረም። የማኅበራችን ዝርዝር ላይ በራሱና በአባቱ ስም ተመዝግቦ «አድራሻው ያልታወቀ» በሚለው ሥር ለዓመታት ቆየ። ስልክ ማውጫ አየሁ፣ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። አጣሁት። ያገኘሁት በልቅሶ ነው። ከቤቴ በመኪና አርባ ደቂቃ በሚወስድ ከተማ ሃያ ዓመት ኖሯል። አሜሪካ ሲገባ የወረቀቱ ሦስተኛ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተያዘና፣ በሥራ ቦታውም በጎረቤቶቹም ዘንድ የሚታወቀው በአያቱ ስም ነበር። ወንድሙ በሌላ መንገድ ገብቶ በአባታቸው ስም ተመዝግቧል። የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዕድ ሆኑ።

ሥራዬ ሰውን በስሙ ማግኘት ነው። እኔም ግን እንደዚያ ተማሪ በማይገኝበት መሳቢያ ስፈልግ ኖርኩ።

ከቀብር መልስ ሴት ልጁ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እዚያው የተወለደች ናት። «እናንተ አባቴን ማን ብላችሁ ነበር የምትጠሩት?» አለችኝ። ነገርኳት። የአባቱንም ስም ነገርኳት። እሷ በቤተሰብ ስም የያዘችው የአባቷን አያት ነው፤ የገዛ አያቷ ስም ግን ከወረቀቷ ላይ የለም። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊልኝ አለችኝ፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩላት።

አንዳንዶቻችሁ ኩባ ተምራችኋል፤ ይሄን ታውቁታላችሁ። በስፔኖች ዓይን ሦስት ስም ያለው ሰው ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የእናት ወገን ይመስላል። በእነሱ መዝገብ አያታችን እናታችን ይሆናሉ ማለት ነው። በአሜሪካ መዝገብ ደግሞ አባታችን «የመሐል ስም» ሆነው በአንድ ፊደል ይቀራሉ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ጸሐፊው ያለውን ሣጥን ሞላ።

የቤተሰብ ስም ያዙ ወይም አትያዙ ለማለት አልመጣሁም። ልጆቻችሁ ውጭ አገር ከተወለዱ በየትኛው ስም እንደሚጻፉ መወሰን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የጋርሲያ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ሳይመክርበት የተጻፈ ስም ሦስትና አራት ትውልድ ሲያልፍ እንደ ዘር ይቆጠራል። ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ምከሩ። የወሰናችሁትንም፣ የተዋችሁትን ስም ጭምር፣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲሱ የአባላት ዝርዝር አንድ የስም መስመር አይበቃውም። አራት ይኑረው፦ ግቢ የምንጠራበት ስም ከነአባትና ከነአያት፤ ዛሬ ፓስፖርት ላይ ያለው ስም እንዳለ በቅደም ተከተሉ፤ በሥራ ቦታ የምንታወቅበት ስም፤ እኛ ስንጠፋ የሚጠየቅ የአንድ ቤተሰብ ስምና ስልክ። ሥራ አስፈጻሚው ከተስማማ እኔ በነፃ እደረድረዋለሁ፣ በራሳችን ስም ቅደም ተከተል።

ርእሴ ጥያቄ ነበር፤ ጋርሲያ የማን ልጅ ነው? የመጀመሪያዎቹ የአባታቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የመዝገብ ልጆች ናቸው። እኛ ገና ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነን።

ቅጹን አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፤ ከቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳትሞሉ እንዳትሄዱብኝ።