ፀሐይን በወረቀት ላይ ስለ መመልከት



የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሐይን ጕዞ መርምረው ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ፥ ዐውደ ፀሐይንም 28 ዓመት ብለው አስተምረውናል። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ፀሐይ ጕዞ ሳይሆን ስለ ፊቷ ነው፤ ይኸውም ልጆቻችን ያለ ጕዳት እንዲመለከቷት ነው።

አስቀድሞ ስለ ዓይን ማወቅ ይገባል። በዓይን ውስጥ በስተ ኋላ ብርሃንን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። ፀሐይን ትኵር ብሎ የሚያይ ሰው ይህን ሽፋን ያቃጥላል፤ ሽፋኑም ሕመም አይሰማውምና ሰውየው ሲቃጠል አያውቀውም። የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ፥ በሚያየው ነገር መካከል ጥላ ሲጋረድበት ነው። በቴሌስኮፕ ውስጥ ያየ እንደ ሆነማ ጕዳቱ የቅጽበት ነው። በጥላሸት የጠቈረ መስተዋት፥ የፎቶግራፍ ፊልም፥ በሣሕን ያለ ውኃም ዓይንን ለማዳን አይበቁም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና ታይታለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን በከፊል የምትጋረድበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ሕፃን ሁሉ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማስተማር የእናንተ ፈንታ ነው።

መንገዱ ይህ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1612 ጋሊሌዎ፥ ደቀ መዝሙሩ ካስቴሊ ባገኘው ዘዴ፥ የፀሐይን መልክ በወረቀት ላይ አውርዶ ሣለ። ለዚህ የፊት መስተዋቱ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ወደ ፀሐይ ሲቀና ማንም በውስጡ አይመልከት፤ የቱቦው ጥላ ከሁሉ ይልቅ ባጠረ ጊዜ አቅጣጫው ቀንቷል። ትንሹ መፈለጊያ መነጽር ይከደን። ከዓይን ማያው ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ብትይዙ የፀሐይ ክበብ ይወርድበታል። መስተዋቱ እንዳይግል በየጥቂት ደቂቃው ቱቦውን ከፀሐይ መልሱት። መምህሩም ለአፍታ እንኳ ከአጠገቡ አይለይ።

በክበቡ ላይ ጥቋቍር ነጥቦች ቢታዩ የወረቀቱ እድፍ እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀቱን ብታንቀሳቅሱት እነርሱ ከፀሐይ ጋር ይቀራሉና። እነዚህ ከአካባቢያቸው ይልቅ የቀዘቀዙ የፀሐይ ፊት ክፍሎች ናቸው። ክበቡን 109 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ብትሥሉ ምድራችን 1 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ እንግዲህ ከነጥቦቹ አንዳንዱ ከምድር እንደሚበልጥ ልጁ ራሱ ለክቶ ያውቃል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢሥል ደግሞ ነጥቡ ከዳር እስከ ዳር በ13 ቀን ያህል ሲሻገር አይቶ፥ ፀሐይ በራሷ ላይ እንደምትዞር ይረዳል።

ይህን ሥራ ማንም አይናቀው። በጀርመን አገር በዴሳው ከተማ ሽዋበ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበረ። ከ1826 ጀምሮ ያልታወቀች ፕላኔት ለማግኘት በትንሽ ቴሌስኮፕ ፀሐይን ይመለከት ነበር። ፕላኔቲቱን አላገኘም፤ ነገር ግን 17 ዓመት ሙሉ ነጥቦቹን ስለ ቈጠረ፥ በየ10 ዓመቱ ያህል እንደሚበዙና እንደሚያንሱ አወቀ። ዛሬ ዙሩ በአማካይ 11 ዓመት እንደ ሆነ ታውቋል። እርሱም ራሱን የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት ካገኘው ከሳኦል ጋር አመሳሰለ።

ቴሌስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤትም አይዘን። በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ ቢበሳና ብርሃኑ በጥላ ውስጥ 3 ሜትር ርቆ በነጭ ወረቀት ላይ ቢወርድ፥ 3 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የፀሐይ መልክ ይታያል። ፀሐይ ስትጋረድ ያ መልክ እንደ ጨረቃ ጐድሎ ይገኛል። ልጆቹ ግን ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡ፤ በቀዳዳውም አይመልከቱ።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው፤ መምህሩ በትምህርት ቤት፥ ሽማግሌውም በደጁ፥ «ወደ ወረቀቱ እንጂ ወደ ፀሐይ አትመልከት» ብሎ ይምከር። ዕውቀት ዓይንን ያበራል እንጂ ዓይንን አያስከፍልም።