ልብስ የት እንግዛ? እንግዛስ ወይ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ቦንጋ ላይ የቀረበ)



የዛሬውን ርእስ የመረጠልኝ አንድ ተመራቂ ተማሪ ነው። ከክፍል ስወጣ ተከተለኝና «መምህር፣ ለምረቃዬ ሙሉ ልብስ የት ልግዛ?» አለኝ። የማውቀውን አንድ ቡቲክ ልጠቁመው ካሰብኩ በኋላ ተውኩት፤ የዚያ ቤት ዋጋ ለእኔ ደመወዝም ከብዶ እንደነበር ትዝ አለኝ። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ።

ይኸው ጥያቄ በአውሮፓና በአሜሪካም ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ግን ትልልቆቹ መደብሮች በመዘጋታቸው ነው። አሪስቲድ ቡሲኮ እ.ኤ.አ. በ1852 በፓሪሱ «ቦን ማርሼ» ባለድርሻ ከሆነ በኋላ ያስፋፋው አሠራር ለዛሬ ሰው ተራ ነገር ይመስላል። ዋጋው በዕቃው ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ሰው ሳይገዛ ገብቶ መውጣት ይችላል፤ ያልተስማማውንም ይመልሳል። በዘመኑ ግን ይህ ሸማቹን ከክርክርና ከይሉኝታ ያላቀቀ ነበር። ያ ዘመን አሁን እያለፈ ነው። ሲርስ እ.ኤ.አ. በ2018 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የእንግሊዙ ዴብንሃምስ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጨረሻ ሱቆቹን ዘጋ። ዕዳው፣ የቤት ኪራዩና የኢንተርኔት ግብይቱ ተባብረው ጣሏቸው።

ቦንጋ ላይ እንዲህ ያለ መደብር ተከፍቶ አያውቅምና የሚዘጋም የለንም። በአገራችን ለቡሲኮ አሠራር ትንሽ የቀረበው የደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ሳይሆን አይቀርም፤ ዋጋው የተወሰነ፣ ዕቃው የጠፋ። እውነተኛው ትልቅ መደብራችን መርካቶ ነው፤ ጣራ የሌለው፣ በፎቅ ፋንታ በተራ የተከፋፈለ መደብር። የቦንጋ ቡቲክ የዚያ መደብር የሩቅ መደርደሪያ ነው፤ ሸሚዙ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይደርሳል። ስለዚህ መርካቶ ሲያስነጥስ እኛ ጉንፋን ይይዘናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሸማ ተራ በእሳት ተቃጠለ። የሸቀጡን ዋጋ ጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ የወጣችሁ ሁሉ የእነዚህን ቀኖች ታሪክ በገዛ ኪሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው በር ሰልቫጅ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን በገበያ ቀን በላስቲክ ላይ ተቆልሎ የማይታይበት ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከገዢዎቹ አንዱ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ክምር ውስጥ ሰማያዊ ሸሚዝ መዘዝኩ። ጨርቁ ደኅና ነው፤ ስፌቱ የጠበቀ ነው፤ በ200 ብር ተስማማን። ቤት ገብቼ የአንገትጌውን ምልክት ሳነብ «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል፤ ከሥሩም አንድ የታወቀ የአሜሪካ ስም አለ።

በዚያ ሸሚዝ ላይ ብዙ ቆየሁ። የት እንደተሰፋ በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም ሐሳቤ ወደ ሐዋሳ ሄደ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው ለውጭ ገበያ መስፋት ጀመሩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ልጅቱ የሰፋችውን ሸሚዝ ለራሷ ልትገዛው አትችልም፤ የሐዋሳ ሱቅም አይሸጠውም። ኮቪድ መጥቶ የአሜሪካ መደብሮች ሲዘጉ ትእዛዙ ቀነሰ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከሐዋሳ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አገራችን ከአጎዋ ተጠቃሚነት ተሰረዘች። ስለዚህ የባዕድ አገር መደብር መዘጋት አይነካንም ያልኩትን እዚህ ላይ አርማለሁ። ሸሚዙ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ተለብሶ፣ ተጥሎ፣ በኮንትሮባንድ ተመልሶ ለእኔ ደርሷል። የተሰፋው ለእኛ አልነበረም፤ የደረሰን ሌላው ሲጠግብ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው በር ልምጣ፤ ዛሬ የቆምኩት ስለ እርሱ ለመናገር ነውና። ሸሚዙ ትከሻው ሰፋኝ፤ እጅጌውም ረዘመ። በረንዳ ላይ የእግር መኪና አስቀምጠው ወደሚሰፉ አንድ አባት ይዤው ሄድኩ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ እኔን ግን አልለኩኝም። «የአንተን ልክ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሱሪ አሳጥረውልኝ ነበር። የልጆቼን ዩኒፎርምም የሚሰፉት እርሳቸው ናቸው፤ ሲሰፉም ጠርዙን ሰፋ አድርገው ወደ ውስጥ ያጥፉታል፤ ልጁ ሲያድግ ይለቀቃል። ድሮ ኮት ሲነጣ ፈተው ይገለብጡት እንደነበር፣ ገበሬው ደግሞ ቡና እስኪለቀም በዱቤ ያሰፋ እንደነበር አጫወቱኝ። ቦን ማርሼ ይህን አያውቅም ነበር። ዋጋው የተለጠፈ ነው፤ ገዢው ግን ማንም ሊሆን ይችላል።

«ሙያውን የሚረከብዎት ልጅ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ማን ይወደዋል ብለህ ነው?» አሉኝ።

ይህ መልስ የቆየ ሥር አለው። በከፋ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስከተማረኩበት ጊዜ ድረስ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ለኅብረተሰቡ የግድ የሚያስፈልጉ፣ በማዕረግ ግን ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ነበሩ። ይህ የከፋ ብቻ ነውር አይደለም፤ በሰሜኑም ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ከአዋጁ ዕድሜ በልጧል። የለበስነውን ወደድን፤ ያለበሰንን ናቅን። ዛሬም በእኛ ግቢ ውስጥ ስፌት እማራለሁ የሚል ልጅ ቢኖር ምን እንደምንለው እናውቃለን።

እንግዲህ ምን ልበል? ሰልቫጅ አትግዙ አልልም፤ ከቤተሰቡ በሚላክለት ጥቂት ብር ለሚማር ልጅ እንዲህ ማለት ጭካኔ ነው። አዲስ ልብስ አትልበሱም አልልም፤ ማሽቃሬ ባሮ ሲደርስ ልጅ አዲስ ልብስ ይጠብቃል፤ መጠበቁም መልካም ነው። የምለው ግን ይህ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ይዛችሁ ወደ በረንዳው ሂዱ። ሰልቫጅም ቢሆን ገዝታችሁ ለባለሙያ ስጡት። የሸሚዙ 200 ብር አብዛኛው ከቦንጋ ወጥቶ ይሄዳል፤ ለማስጠበቢያ የከፈልኩት ግን በዚያው ምሽት እንጀራ ሆኖ በከተማው ውስጥ ተበልቷል።

ለባልደረቦቼ ደግሞ ጠንከር ያለ ነገር አለኝ። የምረቃ ጋዋን፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች የደንብ ልብስ ስንፈልግ ጨረታው አንድ ትልቅ አቅራቢ ብቻ ሊያሟላው በሚችል መንገድ ይጻፋል። በረንዳ ላይ ያለ ሰው የጨረታ ዋስትና ከየት ያመጣል? ትእዛዙን በትንሽ በትንሹ ከፋፍለን፣ ሰፊዎቹ በማኅበር ተደራጅተው እንዲወዳደሩ ብናደርግ የግዥ ሕጉ አያንቀንም። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ቅድሚያ የሚሰጥ መንገድ አለው፤ አንሄድበትም እንጂ። ልማትን በክፍል እያስተማርን ጋዋኑን ከሩቅ ስናስመጣ ተማሪው የትኛውን ትምህርት ይዞ እንደሚወጣ አስቡት።

ያ ተማሪ ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ያጎቱን አሮጌ ጥቁር ኮት ከቤት አምጥቷል፤ ክንዱ ላይ ትንሽ ነጥቷል፤ ገበሩም ተቀዷል። አብረን ወደ በረንዳው ሄድን። አባት ኮቱን ገልብጠው አዩት፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹት፤ ከዚያም ጠመኔያቸውን አነሡና ልጁን «ዞር በል፤ ምረቃው መቼ ነው?» አሉት።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከግዥ ክፍል የመጣችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።