ስለ ሰዓት አክባሪነትና ከትምህርት ስላለመቅረት



ዛሬ ማታ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ለማንም አዲስ አይደለም፤ ሁላችንም ስለምናውቀው ቸል የምንለው ነገር ነው። ይኸውም ልጆች በየቀኑ፣ በሰዓቱም በትምህርት ገበታቸው ላይ የመገኘታቸው ጉዳይ ነው።

ንግግሬን ከኡራኤል ሰፈር ልጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ኡራኤል ለዕዝራ ሱቱኤል ጽዋዐ ልቡናን ያጠጣ መልአክ ነው። ስለዚህም የአብነት ተማሪ ትምህርቱ እንዲገለጥለት በስሙ ሲማፀን ኖሯል። ይሁን እንጂ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ ቁም ነገር ያገኛል። ዕዝራ ጽዋውን ከጠጣ በኋላ አምስት ጸሐፍትን ይዞ አርባ ቀን አስጽፏል። ጽዋው የአንድ ጊዜ ስጦታ ነበር፤ ሥራው ግን የአርባ ቀን ነው። እንግዲህ ልቡና ከላይ የተሰጠው ሰው እንኳ እንዲህ ከተጋ፣ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያለው ልጅማ ምን ያህል ሊተጋ ይገባው ይሆን?

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። አንድ ልጅ በየቀኑ 15 ደቂቃ ቢዘገይ በሳምንት 75 ደቂቃ ይጐድልበታል። የዓመቱን የትምህርት ሳምንታት 40 ብናደርጋቸው 3,000 ደቂቃ፣ ማለት 50 ሰዓት ይሆናል። አንዱን ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ ብናሰላው 75 ክፍለ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ይህም ደወሉ ከተደወለ በኋላ በሩ ሳይዘጋበት ቢገባ ነው። በሩ ከተዘጋበት ግን የሩብ ሰዓት መዘግየት የግማሽ ቀን መቅረት ይሆናል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርሱን ከምገባው የሚያገኝ ልጅ ደግሞ ሲዘገይ ቁርሱም ያመልጠዋል።

ትምህርትም እንደ ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚካብ ነው። ማክሰኞ ክፍልፋይ መደመርን ሲማሩ የቀረ ልጅ፣ ረቡዕ መቀነስ ሲመጣ ሰሌዳውን እያየ ምንም አያይም። ሐሙስ መጠየቅ ያፍራል። ዓርብ ደግሞ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ይቀራል። ስንፍና የምንለው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ለመሆኑ የልጁ መዘግየት የማን ጥፋት ነው? ገበያ የላከው ማን ነው? «እናትሽ ለቅሶ ሄዳለች፤ ታናሽሽን ጠብቂ» ብሎ ያስቀራት ማን ነው? ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን ከፍቶ ያስመሸውስ? ቢመረመር፣ ጥፋቱ ከልጁ ይልቅ የኛ የታላላቆቹ ሆኖ ይገኛል።

ከኡራኤል አጠገብ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ድርጅት ነው። በ2017 ዓ.ም. የትምህርቱ ዓመት ገና እንደ ተጀመረ፣ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተዛውሯል። ትናንት በእግሩ ትምህርት ቤት ይደርስ ለነበረ ልጅ መንገዱ በአንድ ጊዜ ረዘመ። ይህን ልጅ ሰነፍ ብሎ መገሠጽ ግፍ ነው። የሚያስፈልገው መሸኛውን ቶሎ አግኝቶ በአዲሱ ሰፈሩ መመዝገብ ነው።

መሸኛውን የሚጽፈው፣ ማኅተሙን የሚያሳርፈው፣ መዝገቡን የሚከፍተው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኛ ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» ባልነው ቍጥር አንድ ልጅ አንድ ቀን ከትምህርቱ ይቀራል። ወላጁም ከደጃችን ቆሞ የሚውለው የልጁን ቀን እየከፈለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በየቤታችን እየሠሩ የማታ ትምህርት የሚማሩ ልጆች አሉ። የራሳችንን ልጅ በጧት ቀስቅሰን እንሸኛለን፤ ያችን ግን «ቡናውን አፍልተሽ፣ ራቱን አቅርበሽ ሂጂ» እንላታለን። እርሷ ክፍል ስትደርስ የመጀመሪያው ትምህርት አልቋል። ለልጃችን የምንሳሳለት ሩብ ሰዓት ለእርሷም ያው ሩብ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የልጁ ደብተርና ልብስ ከመኝታ በፊት ይዘጋጁ። ታሞ የቀረ እንደ ሆነ ለመምህሩ እናስታውቅ፤ ያመለጠውንም ከጓደኛው ደብተር በዚያው ማታ ይገልብጥ። የማታ ተማሪዪቱም ሰዓቷ ሲደርስ ራቱ ቢቀርም ትሂድ፤ ራት እኛም ማቅረብ እንችላለን። ነገ በየቢሮአችን ስንገባም መሸኛ ፈልጎ የመጣው ወላጅ አስቀድሞ ይስተናገድ።

ደኅና እደሩ።