መኪናው ሲመጣ ሰውየው ወዴት ይሂድ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ያደረጉት ንግግር፤ ሰቆጣ)



ኮሚቴው «አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ስለ ቆየህ ስለ ከተማው ሥራ አንድ ነገር ንገረን፤ ልጆቻችን ወደዚያው እየሄዱብን ነው» ብሎ ስላዘዘኝ ነው ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት። እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። አካፋና ባሬላ ያስተማሩኝን፣ በኋላም የቀን ሠራተኛ ስም ጠሪ ሆኜ ከደብተሩ ላይ ያየሁትን ነው የምናገረው። ከተሳሳትሁ አርሙኝ፤ ካስረዘምሁም ዳኛው ያስቁሙኝ።

ትውልዴ አበርገሌ ነው። አባቴ ከጨው ነጋዴ ጋር አህያ ይነዳ ነበር። ጨው ከአፋር ምድር በግመል ወጥቶ መቀሌ ይገባል፤ ከመቀሌ ደግሞ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይመጣ ነበር። ሰቆጣ በአሞሌ ገበያዋ ስሟ የተጠራ እንደነበረች እዚህ የተቀመጡት አባቶች ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የጭነት መኪና መንገዱን ሲይዘው ነጂውም፣ ጫኙም፣ በየማደሪያው ጠላና እንጀራ የምትሸጠውም ሴት አብረው ቀሩ። ማንም አላባረራቸውም እኮ! ሥራው ነው አንድ ቀን ሳይመጣ የቀረው። አባቴ «መንገዱ ተዘጋ» ይል ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘግቶ ሳይሆን ተከፍቶ ነው።

ይህን ስል ግን መኪና ጠላት ነው ልላችሁ አልመጣሁም። እናቴ ሌሊት ተነስታ ከመጅ ጋር ስትታገል ነው ያደግሁት። የሞተር ወፍጮ በአገራችን በገባ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ እልል ያለች እሷ ናት። ጉልበቷ ተመልሶላታል። እንግዲህ አንድ መኪና አባቴን ሥራ አሳጣ፤ ሌላው መኪና እናቴን አሳረፈ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እናቴ ወፍጮ ቤት ብትሄድም ከቤቷ እንጀራ አልጠፋም። ለሰው እየፈጨች በዚያ ታድር የነበረች አንዲት መበለት ጎረቤታችን ግን እልል አላለችም። ለምን እንደሆነ የገባኝ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ሕንጻ ሥራ ላይ ለሠራ ሰው ሶሌታ የሚሞላበት ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ሰው ይሰበሰባል። አሸዋና ጠጠር የሚያቀርብ አለ፤ የሲሚንቶ ከረጢት የሚቀድ፣ ውሃ የሚለካ፣ ሚክሰሩ ላይ የሚቆም፣ በካሪዮላ የሚገፋ አለ። በመወጣጫው ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው አርማታውን በባሬላ የሚያወጡ ሴቶች ናቸው። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው፣ ፎርማኑ እየጮኸባቸው፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ድረስ። ለአንድ ሶሌታ ከ60 ሰው በላይ ስም የጠራሁበት ቀን ብዙ ነው። ያ ሁሉ ሰው ማታ ተሰልፎ የቀኑን ሒሳብ ይቀበላል፤ ብዙው ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታና ከጉራጌ የመጣ ነው። ከዚያች ሒሳብ እየተቀነሰ ነው እዚህ የስንቱ ቤት የእድር መዋጮ የሚከፈለው።

አንድ ቀን፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አርማታው ከሌላ ቦታ ተቦክቶ በሚሽከረከር መኪና ተጭኖ መጣ። ከጎኑም ረዥም አንገት ያለው የፓምፕ መኪና ቆመ። አንገቱን ዘርግቶ አርማታውን እላይ ይተፋው ጀመር። አንድ ሰው የቱቦውን ጫፍ ይይዛል፤ ጥቂቶች በአካፋ ያስተካክላሉ፤ አንዱ ቫይብሬተሩን እየነከረ አየሩን ያስወጣል። በዚያ ቀን ከደብተሬ ላይ የተጠራው ስም 14 ነበር። እስከ ምሳ ሰዓትም አለቀ። የቀሩት ከበሩ ውጭ ቆመው ቢጠሯቸው ብለው ሲጠብቁ ዋሉ። እኔም ወጥቼ «ዛሬ የለም» አልኋቸው። «ነገስ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መሐንዲሶቹ ተሳስተዋል አልልም። በእጅ ሲቦካ ሥራው እንዲቀልለት ብሎ ውሃ የሚያበዛ አለ፤ ውሃ የበዛበት አርማታ ደግሞ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል። በባሬላ ሲሞላ ግማሹ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ይሆንና መጋጠሚያው ላይ ይደክማል። በፓምፕ ሲሞላ ልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ትንፋሽም ያልቃል። ከመወጣጫ ወድቆ የሚሞተውም ይቀንሳል። የስንቱን የአገሬን ልጅ ሬሳ እንደሸኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሕንጻው ተጠቅሟል፤ ባለ ሕንጻውም ተጠቅሟል።

ታዲያ ማን ተጎዳ? ፌሮ የሚያስረውና አናጢው ቆዩ፤ የእጅ ሙያ አላቸዋ። የፓምፑ ኦፕሬተር፣ ሾፌሩና መካኒኩ አዲስ እንጀራ አገኙ። መጀመሪያ የሄደችው ባለ ባሬላዋ ናት። «አንዱ ሥራ ሲጠፋ ሌላ ሥራ ይፈጠራል» የሚል ንግግር በራዲዮ እሰማለሁ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ባሬላ ስትሸከም የኖረች የሁለት ልጆች እናት በማግሥቱ የፓምፕ ኦፕሬተር አትሆንም። ሥራው ተፈጥሯል፤ ለእሷ አልተፈጠረም።

ይህ በሕንጻ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። መብራት ኃይል ቆጣሪ አንባቢውን በየቤቱ ይልክ ነበር፤ የካርድ ቆጣሪ በገባበት ቤት አንባቢው አያስፈልግም። ለመብራትና ለውሃ ሒሳብ እንሰለፍ ነበር፤ በኋላ ለሁሉ የተባሉ የክፍያ ጣቢያዎች ተከፈቱና ሰልፉ ወደ እነሱ ዞረ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ይከፍላል። ሰልፉ ጠፋ፤ እሰየው! ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጣ ገንዘብ ትቀበል የነበረችውን ልጅ ግን የጠየቀ ሰው አላየሁም።

የእኛ ልጆች ደግሞ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳሉ። ሰሊጥ እስካሁን የሰውን እጅ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ራሱ ሲደርስ ስለሚከፈት በመኪና ቢመቱት ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በማጭድ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ ቆሞ ይደርቃል። በአርሲና በባሌ ስንዴው ላይ ግን ኮምባይነር ከገባ ስንት ዘመኑ ነው! ሰሊጥ የማያረግፍ ዘር በሌላው ዓለም እየተፈለገና እየተገኘም ነው። «ለሁመራ ማን ይደርስብናል» ብሎ የሚተማመን ልጅ ካለ ይህን ንገሩልኝ። (የአበርገሌን ፍየል የሚጠብቅ መኪና ግን ገና አልተሠራም፤ ቢሠራም ፍየሎቹ ገደል ይዘውት ይገባሉ።)

በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። በ1960 ዓ.ም አካባቢ በአርሲ ጭላሎ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ትንሹን ገበሬ እንዲረዳ ታስቦ ነበር። ባለ መሬቱ ግን እርሻው እንደሚያዋጣ ባየ ጊዜ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሳ። ዘሩም ትራክተሩም ምንም አላጠፉም። መሬቱ የማን ነበር፣ ትርፉስ ወደ ማን ሄደ ነው ነገሩ። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1811ና በ1812 የጨርቅና የካልሲ ሠሪዎች ተነስተው ደመወዛቸውን የቀነሱባቸውን መኪናዎች በመዶሻ ሰበሩ። መንግሥት መኪና መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1813 ዮርክ በምትባል ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። መኪናው ግን አልቆመም።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ መኪናው ይግባ አይግባ አይደለም። መኪናው ለአንድ ሰው ገንዘብ ያተርፋል፤ ከዚያ ትርፍ ላይ ሥራውን ላጣው ሰው ምን ይደርሰዋል ነው። የአገራችን ሕግ ለዚህ መልስ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባት ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ተብሎ ተጽፏል። ይሁን እንጂ በዝምታ አይደለም። አሠሪው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ውል ነው፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ወረቀት እንዲሰጥ ሕጉ ያዘዋል። ልጆቻችሁን «ወረቀቷን ጠይቅ» በሉልኝ። እኔ ከ60ዎቹ አንዷም እንኳ ወረቀት ይዛ አላየሁም፤ ስም ጠሪው እኔ ሆኜ እንኳ አልነገርኋቸውም። አላውቅማ ነበር!

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እዚህ ላይ የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይም ይሆናል፤ እኔንም ጭምር ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ስብሰባ «ለቅሶ በስልክ መልእክት ይነገር፤ ለጥሩምባ ነፊ በየወሩ 600 ብር መክፈል ይቅር» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እኔም አውጥቻለሁ። 11 ዓመት ሙሉ በዝናብም በብርድም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው የጠሩን ሰው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ያን ዕለት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «አመሰግናለሁ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር መዋጮ አልከፈሉም። ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ስለሚል፣ ጸሐፊው እንደ ደንቡ ቀይ መስመር አሰመሩባቸው። እንግዲህ ስንቶቻችንን ለቀብር የጠሩ ሰው ዛሬ ቢሞቱ፣ ድንኳናችን አይወጣላቸውም ማለት ነው።

ያ ድርጅት ባለ ባሬላዎቹን ካሰናበተበት የእኛ በምን ይለያል? አሰብሁበት፤ አላገኘሁም። እንዲያውም እኛ እንባስ ይሆናል፤ እሱ ለማያውቃቸው ሰዎች ነው ያደረገው። በጦርነቱ ወራት ስልክ በጠፋ ጊዜ በምን ተጠራራን? ስልክ የሌላቸው እናቶችስ ዛሬ በምን እየሰሙ ነው? ይህን የማነሳው ግን ጥሩምባው ይመለስ ለማለት አይደለም። ጉባኤው ስልኩን ከመረጠ ስልኩ ይሁን።

አዋጁ እድርን ይይዛል አይይዝም የሚለውን ለሕግ ዐዋቂ እተወዋለሁ። ልኩን ብቻ ከእሱ ልዋስና አብረን እናስላ። በወር 600 ማለት በቀን 20 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለቀሩት 10 ዓመታት በዓመት 10 ቀን፣ ጠቅላላ 130 ቀን፤ ይህም 2,600 ብር ይሆናል። ያልሰጠናቸው የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ 1,800 ብር ነው። ድምሩ 4,400 ብር። በስልኩ ምክንያት ካዝናችን ውስጥ በዓመት የቀረው 7,200 ብር ነው። ከፍለናቸው እንኳ ከመጀመሪያው ዓመት 2,800 ብር ይተርፈናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለውሳኔ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ 4,400 ብሩ ይከፈላቸው፤ ውዝፉ ከዚያው ላይ ተቀንሶ ስማቸው ወደ መዝገቡ ይመለስ። ሁለተኛው ደንቡን ይመለከታል። በዚህ ዓመት ከተሰረዙት ቤቶች ውስጥ የአምስቱ ልጆች አዲስ አበባ በሕንጻ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ገንዘቡ ከዚያ መምጣቱን ሲያቆም ነው አባቶቻቸው መክፈል ያቆሙት። ሥራ ያጣ አባል፣ ወይም ደጋፊው ሥራ ያጣበት አባል፣ ለዳኛው ካስታወቀ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አይሰረዝ፤ ውዝፉ በመዝገብ ይያዝና ሲያገኝ በየጥቂቱ ይክፈል፤ በመካከሉ ለቅሶ ቢደርስበት ድንኳኑ ይውጣለት። ገንዘብ ያዡ «ካዝናው ይጎዳል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ይዤላቸው መጥቻለሁ፤ ከሻይ በኋላ አብረን እናየዋለን።

ሰውየው ዛሬም መጥተዋል፤ ከውጭ ቆመዋል። አባል ስላልሆኑ አልገባም ብለው ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ ቢያስገባቸው እወዳለሁ።